ለማስተርስ የተላኩ ሽማግሌዎች

ስለ ትህትና ነው የምጽፈው። የክርስትና ልጄ ናት። የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች “ስለምታውቁት ሰው ጻፉ፣ ሰብስበን እናሳትመዋለን” ሲሉ ሌላው ሰው ስለ ካህን፣ ስለ ሐኪም ጻፈ። እኔ ትልቅ ሰው አላውቅም፤ የማውቀው እሷን ነው። እንደማወራው ነው የጻፍኩት፣ ያጠፋሁት ካለ ይቅር በሉኝ። እሷንም አባቷንም አስፈቅጃለሁ። አባቷ መጀመሪያ እምቢ አለ፣ ኋላ ግን “የሆነውን ብቻ ጻፊ” አለኝ።

ትህትና የተወለደችው እዚሁ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ነው። አባቷ ብርሃነመስቀል ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው። እናቷ እንቁ፣ ሊትልተን በሚባል ሰፈር ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከብርሃነመስቀል ጋር አበልጅ ተባባልን።

እኔ ኤርፖርት ዊልቸር እገፋለሁ። ያኔ ለሲትዝንሺፕ፣ ለዜግነቱ ማለቴ ነው፣ ልፈተን ስል ልጅቷ ገና ሚድል ስኩል ነበረች፤ ጥያቄዎቹን በስልኬ ከፍታ ታስጠናኛለች።

“እትዬ ወይኒ፣ ፕሬዚዳንቱ ቢሞት ማን ይተካዋል?”

“አንቺ ልጅ፣ ሟርት አታውሪ።”

“ኖ፣ መልሺ!”

እኔ መጀመሪያ ስፈተን ወደቅሁ። እሷ ግን ማንም ሳይፈትናት ሁሉንም በቃሏ ያዘችው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዋ አላባራም። አንዱን ስደተኛ ለምን ያስገባሉ፣ ሌላውን ለምን ይመልሳሉ? ማን ነው የሚወስነው? እኔ ምን አውቃለሁ። “ትልልቆቹ ናቸው” እላታለሁ። “የት ነው የሚቀመጡት?” ትላለች። ኮሌጅ ገብታም የተማረችው ያንኑ ነው፣ ፖለቲካውን። ስትጨርስ አዲስ የሚመጡ ስደተኞችን በሚቀበል ቢሮ አስተርጓሚ ሆነች። ከሥራ ስትወጣ አንዳንዴ ፊቷን አይቼ ምን ሆነሻል እላታለሁ፤ “ዛሬ አንዲት ሴትዮ ለምን እምቢ እንዳሏት ጠየቀችኝ፣ ምን ልበላት?” ትለኛለች።

ባለፈው በጾሙ ወቅት አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ፒዮሪያ ባቡር ጣቢያ መኪናዋን አቁማ ጠበቀችኝ። ገባሁ። ዓይኗ አብጧል።

“እትዬ ወይኒ፣ ማስተርስ አመልክቼ ነበር። ሁለት ትምህርት ቤት ተቀበለኝ።”

“እሰይ! እልልል! ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?”

ነገረችኝ። አንደኛው እዚሁ ዴንቨር ነው። በማታ ነው የሚማሩት፣ ሥራዋን ሳትተው፣ ከቤትም ሳትወጣ። ስለ አገሮች ግንኙነት ነው፣ ብዙ ነገር ይነካል። ሁለተኛው ዋሽንግተን ነው። እሱ ስለ አገር ደህንነት ነው፤ የሚያስተምሩት በዚያ ሥራ ያለፉ ሰዎች ናቸው፣ ተማሪውም እየተማረ መሥሪያ ቤቶቹ ውስጥ ገብቶ ይለማመዳል።

“አንቺ የቱን ትፈልጊያለሽ?”

“የዋሽንግተኑን። አይ ቲንክ።” ግንባሯን መሪው ላይ አሳረፈች። “አላውቅም። ጠዋት የዴንቨሩ ይሻላል እላለሁ፣ ከሰዓት የዋሽንግተኑ። መልሱን እስከ ሰኞ ስጪ ብለውኛል። ሰኞ ካለፈ ቦታዬን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።”

“ለአባትሽ ነገርሽው?”

“ናሽናል ሴኩሪቲ ስለው ማንኪያውን አስቀምጦ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ይለኛል፣ የመኪናሽን ዘይት ቀየርሽ ወይ ይለኛል። ስለ ትምህርት ግን አንዲት ቃል የለም።”

እኔ ለምን እንደተነሳ አውቅ ነበር። እንቁ ናት ያጫወተችኝ። ብርሃነመስቀል ወጣት ሳለ በአገር ቤት አስተማሪ ነበር። አንድ ቀን ሰዎች መጥተው ወሰዱት። ያስያዘው አብሮት ማዕድ የሚቆርስ ጎረቤቱ መሆኑን የሰማው ከእስር ሲወጣ ነው። በሱዳን አድርጎ ከአገር ወጣ። ይህን ለልጁ ነግሯት አያውቅም። ምግብ ቤት ስንገባ ጀርባውን ለበር የማይሰጠው ለምን እንደሆነም ጠይቃው አታውቅም።

“ያለ አባዬ ምርቃት አልሄድም” አለች። “የዴንቨሩንም አልጀምርም። እሱ ሳይፈልግ ብገባ የምማረው አይገባኝም። ሽማግሌ ላኪልኝ።”

“ምን?”

“እናንተ ነገር ሲከብዳችሁ ሽማግሌ ትልካላችሁ አይደል?”

“እሱ እኮ ለጋብቻ ነው ልጄ። ለተጣላም ነው።”

“እኛስ ተጣልተን አይደል? አንቺም አብረሽ ትገቢያለሽ።”

“እኔ? ሴት ደግሞ መቼ ሽማግሌ ሆና ታውቃለች?”

“ክርስትና እናቴ አይደለሽ? አንቺ ካልገባሽ ማን ይገባል?”

እኔ ማኅበር ላይ እንኳ ተናገሪ ሲሉኝ ነጠላዬን አፌ ላይ የማደርግ ሰው ነኝ። ግን እምቢ ማለትም አልችልበትም።

ሁለት ወንዶች አገኘን። አንዱ ጋሽ ሕሩይ ናቸው፣ በዴንቨርና በአውሮራ ያለ እርቅም ጋብቻም ያለ እሳቸው አይሆንም። ሁለተኛው ስለሺ ነው፣ እሱም ሾፌር፣ የብርሃነመስቀል ጓደኛ። ነገሩን ስነግረው ስለሺ ከት ብሎ ሳቀ።

“ሴኩሪቲ? ኤርፖርት ጫማ የሚያስወልቁት? ለሱ ደግሞ ማስተርስ ያስፈልጋል እንዴ?”

“አይደለም ስለሺ። የመንግሥቱ ነው፣ ትልቁ።”

“እንግዲያውስ ገብታ የፍጥነት ቅጣቴን ታሰርዝልኝ፣ እሄዳለሁ።”

እንቁ ባሏን “ቅዳሜ ሽማግሌ ይመጣሉ” ብቻ አለችው። ወጉ እንዲያ ነዋ፤ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ አስቀድሞ አይነገርም። ጥፋታችን እዚህ ላይ ነበር። እኛ አላሰብነውም እንጂ፣ ለአቅመ ሄዋን የደረሰች ልጅ ያለው ሰው ሽማግሌ ይመጣል ሲባል ሌላ ምን ያስባል?

ሐሙስ ዕለት ስለሺ ደወለልኝ። ኤርፖርት ሾፌሮች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ሆኖ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“ወይንሸት፣ ጉድ ፈልቷል። ሰውዬው አላማረበትም።”

“ማን?”

“አበልጅሽ ነዋ! በሁዳዴ ሽማግሌ የሚልክ ሰው ምን ቢቸኩል ነው ይላል። ፋሲካን መጠበቅ ለምን አቃታቸው ይላል። ገባሽ?”

አልገባኝም ነበር። ከዚያ ገባኝ።

“ኧረ በስመ አብ! አርግዛለች ብሎ ነው?”

“ታዲያስ! ያንን እንዳልክን፣ ከጉባኤ በኋላ ቤት የሚያደርሳትን ልጅ፣ ትናንት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይዞ አባትህ ማን ነው፣ አገርህ የት ነው፣ ሥራህስ ሲለው ነበር አሉ። ልጁ ላብ በላብ ሆነ።”

“ስለሺ፣ በናትህ ንገረው!”

“ምን ብዬ? አላረገዘችም፣ ማስተርስ ነው ልበለው? ሽማግሌ አድርጋችሁኝ የለም እንዴ! ሽማግሌ ቀድሞ አይናገርም።”

ስልኩን ዘጋሁት። አንዲት አሮጊት ዊልቸር ላይ አስቀምጬ የምሄድበት በር ጠፋኝና ሴትዮዋ “ሃኒ፣ አሳለፍሽው እኮ” አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በረዶ ጣለ። እርጥብ የሚያዳልጥ በረዶ። ጋሽ ሕሩይን በአንድ ክንዳቸው እኔ፣ በአንድ ክንዳቸው ስለሺ ይዘን ደረጃውን ወጣን። በሩ ከፊታችን ተከፈተ። ብርሃነመስቀል ሙሉ ልብስ ለብሶ ከረባት አስሯል። ፊቱ ገርጥቷል፣ ጢሙን ሲላጭ አገጩን ቆርጦታል። ከጎኑ እንቁ ቆማ ወለሉን ታያለች።

“ግቡ፣ ግቡ። ቤት ለእንግዳ። ተቀመጡ።”

“የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ ጋሽ ሕሩይ።

“እሺ አባቴ። ይናገሩ።”

ጋሽ ሕሩይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በትራቸውን ተደገፉ። እሳቸው እንግዲህ የለመዱት አንድ ነገር ነው፤ አፋቸው ሳያስቡት ወደዚያው ሄደ።

“እግዚአብሔር ቤትህን ይባርከው። የመጣነው ልጅህን ልንጠይቅህ ነው።”

“ለማን?” አለ ብርሃነመስቀል። ድምፁ ቀጠነ።

“መልካም ልጅ አሳድገሃል። መልካም ልጅ ደግሞ ከአባት ቤት ወጥታ…”

“አባቴ፣ ለማን ነው? ዝም ብለው ስሙን ይንገሩኝ። ልጁ እንዳልክ ነው?”

“ለትምህርት ነው!” አለ ስለሺ ጮክ ብሎ።

“ምን?”

“ለትምህርት! ማስተርስ! ማንም የለም ወንድሜ፣ ማስተርስ ነው!”

ብርሃነመስቀል በአንድ ጊዜ ሶፋው ላይ ወደቀ። ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። “ተመስገን” አለ። “ተመስገን አምላኬ። እንቁ፣ ውሃ።” ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ስለሺ ዓይኑን ጠቀሰኝ፣ አለፈልን ለማለት። እኔም ለትንሽ ጊዜ አለፈልን ብዬ ነበር።

“የምን ማስተርስ?” አለ ብርጭቆውን አስቀምጦ።

ስለሺ ወደ ጋሽ ሕሩይ ዞረ።

“ጋሽ ሕሩይ፣ የምን?”

“የ… የአገሮች ግንኙነት ነው። የዓለም አቀፍ። ከዚያ ደግሞ ያው… የአገር ደህንነት።”

ፊቱ ጠቆረ። እኔ ዓይኔን ወደ መኝታ ቤቱ በር አዞርኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ የትህትና ጣቶች ጠርዙን ይዘዋል።

“ያን ነገር ነው በሽማግሌ ያስላከችው?” አለ ቀስ ብሎ። “እናንተስ አውቃችሁ ነው የመጣችሁት? ስለሺ፣ አንተስ?”

ስለሺ፣ ያ ቀልደኛው፣ ጫማውን ያይ ነበር። ጋሽ ሕሩይ ነገሩ ሲጠናባቸው እንደልማዳቸው አደረጉ።

“እንግዲህ አሁኑኑ መልስ አንልህም። ተማከር። ቀጠሮ ስጠንና እንመለሳለን።”

“ጥሩ” አለ ብርሃነመስቀል ወዲያው። “ከፋሲካ በኋላ።”

“ከፋሲካ በኋላ። በሰላም ያድርሰን።”

እጅ ነሱ። ስለሺም እጅ ነሳ። እኔም። ሰኞ ነው ልል ፈልጌ ነበር፤ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። የትህትና ጣቶች ከበሩ ላይ ሲነሱ አየሁ። በሩ ተዘጋ። እኛም ወጣን።

ስለሺ ፓርኪንጉ ላይ ስንደርስ ነው የነቃው።

“ጋሽ ሕሩይ! ከፋሲካ በኋላ እኮ አይሆንም! ቀኑ ሰኞ ነው!”

“የምን ሰኞ?”

“ትምህርት ቤቱ! መልሱን የሚፈልጉት ሰኞ ነው! ነግረንዎት አልነበር?”

ጋሽ ሕሩይ በረዶው ላይ ቆሙ። አርጅተዋል። “ረሳሁት” አሉ። “አፌ ለምዶ… ቀጠሮ ሳልቀበል ወጥቼ አላውቅም።”

“እንመለስ።”

“ቀጠሮ ተቀብሎ መመለስማ ነውር ነው። አባቷን ማስገደድ ይሆናል። ሽማግሌ ቃሉን አያጥፍም።”

“ልጅቷስ?”

“ነውር ነው አልኩህ ስለሺ!”

እነሱ ሲከራከሩ እኔ ደረጃው ጋ ነበርኩ። ሁለቱ ወንዶች ናቸው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ቃል ሰጥተዋል። እኔ ግን ቃል አልሰጠሁም፤ የጠየቀኝም የለ። እንዲያ ብዬ አሰብኩ። ደግሞ “አንቺ ማን ነሽ?” አልኩ ለራሴ። እግሬ ግን እየወጣ ነው። በሩ ጋ ደርሼ እንኳ ልመለስ አስቤ ነበር። አንኳኳሁ።

እንቁ ከፈተች። ብርሃነመስቀል ከረባቱን አላልቶ እዚያው ሶፋ ላይ አለ።

“ምነው አበልጅ? ምን ረሳሽ?”

“ሰኞ ነው” አልኩ።

“ምኑ?”

“መልሱ። ሰኞ ካላሳወቀች ቦታዋን ለሌላ ይሰጡታል። ከፋሲካ በኋላ የሚባል የለም።”

“ታዲያ እዚያው ለምን አልተናገራችሁም?”

“ፈራን።”

“ማንን?”

“አንተን። ጋሽ ሕሩይንም።”

እንቁ ሳቋን ዋጠች። እሱ አልሳቀም። “ልጄም እኔን ፈርታ ነው ሰው ያስላከችው?”

ሌላ ጊዜ ቢሆን አይ፣ አክብራህ ነው እለው ነበር። ያኔ ግን “አዎ” አልኩት። ፊቱን እያየሁ። ከወጣልኝ በኋላ ሳይጋብዘኝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

“ትህትና!” ብሎ ተጣራ።

ሽማግሌ የመጣላት ልጅ ብቅ አትልም፣ ወጉ አይደለም። እሷ ግን ወጣች። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች።

“ቁጭ በይ። ምን እንደሚያስተምሩሽ አንብቢልኝ። በአማርኛ።”

“አባዬ፣ አማርኛዬ…”

“በምታውቂው።”

ከዴንቨሩ ጀመረች። ስለ አገሮች ታሪክ። ስለ ንግድ። ስለ ስደተኛ ሕግ። የተጣሉ አገሮች እንዴት እንደሚደራደሩ። እያንዳንዱን ስትተረጉም ቃል ይጠፋትና ወደ እናቷ ታያለች፤ እንቁ ታቀብላታለች። ብርሃነመስቀል ራሱን ይነቀንቃል። እኔ በልቤ እዚህ ላይ አቁሚ፣ በቃ ይሄን ውሰጂ እል ነበር።

የዋሽንግተኑን ከፈተች። ስለ ጦርነት። ስለ ድንበር። በኮምፒውተር ስለሚሰርቁ ሰዎች። ከዚያ ቆመች። ጣቷ ስልኩ ላይ ቀረ። እኔ ካለሁበት የተጻፈውን ማንበብ አልችልም፣ ግን ምን እንደሆነ አወቅሁ። እለፊው፣ አልኩ በልቤ። ዝለዪው የኔ ልጅ። እሱ ፊት ለፊት ነው የተቀመጠው፣ አያየውም።

ቀና አለች። “ይሄ ስለ ስለላ ነው አባዬ። ከሰዎች መረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብ። ግዴታ ነው፣ ሁሉም ይወስደዋል።”

እንቁ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

“አንቺ መሆን የምትፈልጊው እሱን ነው?” አለ።

“ኖ። እኔ ሌሎቹ የሰበሰቡትን አንብቦ እውነት ነው፣ ውሸት ነው የሚለውን ሥራ ነው የምፈልገው። ሰው በውሸት እንዳይመለስ፣ በውሸት እንዳይያዝ። ግን…” ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። “ሌላ ሥራ አያሠሩኝም ብዬ ልምልልህ አልችልም። አላውቅም አባዬ።”

ብርሃነመስቀል ወደ መስኮቱ ዞረ። “ወጣት ሆኜ አንድ ጎረቤት ነበረኝ” አለ። “አብረን እንበላ ነበር። ሥራህ ምንድን ነው ስለው እህል ነጋዴ ነኝ ይለኝ ነበር። ሲይዙኝ ስንቅ ያመጣልኝም እሱ ነው። የጠቆመብኝ እሱ መሆኑን ያወቅሁት ከወጣሁ በኋላ ነው።” ይህን ለልጁ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። እሷ ሳትተነፍስ ትሰማለች።

“ያንን ብታልፊው እኔ አላውቅም ነበር” አላት።

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ለምን አላለፍሽውም?”

“አንብቢ አልከኝ እኮ።”

ከመስኮቱ ዞሮ አያት። እኔ ጭኔ ላይ ነጠላዬን ስቋጥር ስፈታ ነበር።

“ጎረቤቴ ሥራውን አንድም ቀን በስሙ ጠርቶልኝ አያውቅም” አለ በመጨረሻ። “አንቺ እፊቴ ጠራሽው። የቱን ነው የምትፈልጊው?”

“የዋሽንግተኑን።”

“የዴንቨሩ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።”

“አውቃለሁ።”

“አሁንም ደስ አላለኝም።”

“አውቃለሁ አባዬ።”

ወደ እኔ ዞረ። “አበልጅ፣ ሽማግሌዎቹን ጥሪያቸው። ያለ እነሱ አይሆንም።”

መኪና ውስጥ ሞተር አስነስተው ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ሲገቡ ጋሽ ሕሩይ ግራ ገባቸው። “ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ አልነበረም እንዴ?”

“ፋሲካ ዘንድሮ ቀደመ” አለ ስለሺ፣ ጫማውን እያራገፈ።

ትህትና አባቷ እግር ሥር ተንበረከከች። እሱ እጁን ራሷ ላይ ሊያደርግ ሲል ገታ አደረገው። “አንድ ነገር። ሰው አምኖ ቤቱ አስገብቶሽ የሚያወራውን ይዘሽ አትወጪም። የማንንም ቤት።”

አሰበች። “ከሰው ቤት ይዤ አልወጣም” አለች።

“የምታነቢው እውነት ይሁን። የሰው እንባ በእጅሽ አይሁን። ወጥተሽ ግቢ።”

“አሜን” አልን። ጋሽ ሕሩይ የራሳቸውን ጨመሩበት፣ ረጅም ነበር፤ በመሃል የትዳሩንም ምርቃት ቀላቀሉበት፣ ማንም አላረማቸውም። ትህትና እዚያው ተንበርክካ በስልኳ መልሷን ለዋሽንግተኑ ላከች። ስልኩ ትንሽ አስጠበቃት። “ደረሳቸው” አለች፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። እንቁ አቀፈቻት።

እኔን ብርሃነመስቀል ነው ቤቴ ያደረሰኝ። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ያዘን።

“አበልጅ” አለኝ። “ደግ አደረግሁ?”

አዎ ልለው ፈልጌ ነበር። ልጅቷ ዋሽንግተን ብቻዋን ስትሆን ታየኝ፣ ያንን ትምህርት ስትወስድ ታየኝ፣ እሱ ስልክ ሲደውልላትና ምን ዋልሽ ብሎ ለመጠየቅ ሲፈራ ታየኝ።

“እንጃ” አልኩት።

“እኔም እንጃ” አለ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩንባ ነፋ። እሱ ግን ቶሎ አልነዳም።